ማማችሁን አፍርሱ ላሉን ለክቡር አቶ ይርጋ

ይድረስ ለክቡር አቶ ይርጋ ብርሃኑ
የአነስተኛ ቴክኖሎጂዎች ማላመድና ማስተዋወቅ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቆቦ

ጉዳዩ፦ ስለ ወፍ ማባረሪያው መሣሪያ ይቅርታ እንድጠይቅ መታዘዜን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮዎ ምንጣፍ፣ በመስኮትዎ ላይ የተዘረጋው ያ ከባድ መጋረጃ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ አልሀምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ግን ሳቅ በየሰዓቱ እያፈነኝ፣ እናቴ «ልጅቱን ምን ነካብኝ» ብላ ዱዓ ልታስደርግልኝ ሽር ጉድ እያለች ነው። አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ በተለይ ጉሮሮዎን ይጠብቅልዎ፤ በዚህ ሰሞን በቆላው ጉሮሮ ምን ያህል የሚሳሳለት ነገር እንደሆነ ወደ ታች ስወርድ በዝርዝር አስረዳዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ጋር የሚያነብ ሰው ላያውቀኝ ይችላልና ራሴን ላስተዋውቅ። ራዊያ አብዱሰመድ እባላለሁ። በከተማችን የኤፍ ኤም ጣቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት «ሳይገዙ ይስሙ» የሚለውን ዝግጅት የማቀርብ የዕቃ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ስልክ ቢሆን፣ ባትሪ ቢሆን፣ የፀሐይ መብራት ቢሆን፣ ሰው ኪሱን ከመዳበሱ በፊት እኔ እሞክረዋለሁ፣ ያየሁትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ የሰው ዕቃ ታበላሻለች፣ ለዚያም ደመወዝ ይከፍሏታል» ትላለች፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ በወጣው ደብዳቤ ዝግጅቴ መታገዱን፣ የወፍ ማባረሪያ መሣሪያዎን በአዳራሽዎ ውስጥ እንደገና መፈተሽ እንዳለብኝ፣ በመጪው ቅዳሜም እርስዎ ራስዎ ያረቀቁልኝን ይቅርታ በአየር ላይ ማንበብ እንደሚጠበቅብኝ በትሕትና ተረድቻለሁ። በታገደ ዝግጅት ላይ እንዴት ቀርቤ እንደማነብ አልተገለጸልኝም፤ እሱን ለእርስዎ ጥበብ እተወዋለሁ። ይቅርታው ውስጥ ግን «መሣሪያው አስተማማኝ መሆኑን ስላረጋገጥኩ አርሶ አደሮች ማማቸውን ያለ ስጋት እንዲያፈርሱ አሳስባለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ካላነበብኩት ዝግጅቴ ለዘለዓለሙ ይዘጋል፤ ካነበብኩት ደግሞ ማሽላው ሊደርስ አንድ ሐሙስ በቀረው በዚህ ወቅት የሚያምነኝ ገበሬ ሁሉ ማማውን ነቅሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው፤ የቀረው ጨዋታ ነው፣ ጨዋታውን ግን እንዲህ በቀላሉ አልተውልዎትም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በንዴት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ «ውሃ አይገባውም» ተብሎ የተማለልኝን ስልክ ገዛሁና ያንኑ ዕለት ልብስ ሳጥብ ሳፋው ውስጥ ተነከረ። ሻጩ ጨርሶ አልዋሸም፤ ስልኩ ውሃ ለማስገባት ትንሽ አንገራግሮ ነበር፣ አንዴ የገባውን ግን እስከ ዛሬ አላስወጣም። ይህንኑ ለጣቢያው ሰዎች እየተንጨረጨርኩ ሳወራ በሳቅ ሞቱና በማይክ ፊት ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት፤ ይኸው ዓመታት አለፉ፣ እኔም አላቆምኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፈትሼ አላውቅም። አይሰበርም የተባለ ስልክ ወደ አፋር ለሚወርድ ነጋዴ ይሰጥና ከግመል ጀርባ ወድቆ ይመለሳል። ጮክ ይላል የተባለ ድምፅ ማጉያ ሠርግ ቤት ይውላል። ቶሎ አያልቅም የተባለ ባትሪ ባጃጅ ላይ ይታሰራል፣ የኛ ባጃጅ ነጂዎች ደግሞ ከመንገዱ ይልቅ ዘፈኑን እንደሚያዩ ከተማው ያውቃል። ዕቃ የሚፈተነው በሚሠራበት ቦታ ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፣ ሰውም የሚያምነኝ ለዚሁ ነው።

እርስዎ ደግሞ በአዳራሽ ያምናሉ፤ ሰው በእምነቱ አይታማም። የመሣሪያውን የምረቃ ቀን መቼም አልረሳውም። የላስቲክ አበባ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ያ ግራጫ ሳጥን ጉብ ብሎ፣ የፀሐይ ሰሌዳውን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ፣ እርስዎም ቁልፉን ጠቅ ሲያደርጉት «ሃይ! ሃይ! መጣልህ!» ብሎ ሲያንባርቅ፣ የፊት ረድፍ የተቀመጡት የክብር እንግዶች ወንበራቸውን ገልብጠው ሊሸሹ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ባለሙያዎ ተነሥተው «በሙከራው ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ አንድም ወፍ ስላልታየ ውጤቱ መቶ በመቶ ነው» ሲሉ ሪፖርት አቀረቡ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ወላሂ ከልቤ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ወፍ ሳይኖር ሲቀር ሁልጊዜም ደስ ይለኛል።

በዚያው ሰሞን ያወጡት መመሪያም እንደ መሣሪያው የሚደነቅ ነው። ሳጥኑን የተቀበለ ገበሬ ሁሉ ማማውን ያፍርስ፣ ምክንያቱም ማማ «ኋላ ቀር አሠራር ከመሆኑም በላይ በዋናው መንገድ ለሚያልፍ እንግዳ የአካባቢያችንን ገጽታ ያበላሻል» ይላል። በዚህ መንገድ የሚያልፍ እንግዳ ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ አንቀላፍቶ፣ ተነሥ ብለው ሲቀሰቅሱት «ቆቦ ደረስን እንዴ?» ብሎ ተመልሶ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር፤ ማማችንን አይቶ የሚታመም መሆኑን ያወቅሁት ከእርስዎ ነው፣ አመሰግናለሁ። እኔም እንደ ልማዴ አንዱን ሳጥን ፈርሜ ተቀበልኩና ሮቢት አጠገብ ወዳለ የአንድ ገበሬ የማሽላ ማሳ ይዤው ወረድኩ። እዚያ ሰነበትኩ፣ ያየሁትን ቅዳሜ ተናገርኩ፣ እርስዎም ተቆጡ። እንግዲህ ያየሁትን በቁጥር ላቅርብልዎ፤ የመንግሥት ሰው ቁጥር ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ወፎቹ። በመጀመሪያው ጠዋት ሳጥኑ ሲጮህ የግሪሳ ወፉ መንጋ ግር ብሎ ተነሣ፤ ደስታዬን አልደብቅዎትም፣ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። በማግስቱ ሲጮህ ተነሡና አንድ ዙር ዞረው ተመለሱ። ከዚያ በኋላማ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጡት ጀመር፤ ሰው ከማማ ላይ ሲጮህ ከኋላው የወንጭፍ ድንጋይ እንደሚመጣ ወፍ ያውቃል፣ ከሳጥኑ ጩኸት በኋላ ግን የሚመጣው ሌላ ጩኸት ብቻ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ የፀሐይ ሰሌዳው ላይ ሰፍረው ላባቸውን ሲያበጥሩ አገኘኋቸው፤ ማሽላ ጠግቦ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ መቀመጥን ማን ይጠላል? ሰሌዳውን በኩሳቸው ሲሸፍኑት ሳጥኑ ፀሐይ አጣና ድምፁ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄዶ «ሃ...» ብሎ ቀረ። ጠርገን አስነሣነው፤ እነሱም መልሰው ሰፈሩበት። ደብዳቤዎ ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ «ተጠቃሚዎች በቂ ግንዛቤ አለመጨበጣቸው ነው» ይላል። ተጠቃሚ ያሏቸው ገበሬዎቹን ከሆነ፣ ግንዛቤውን ከእኔ በፊት ጨብጠውት ነበር። ግሪሳዎቹን ከሆነ ግን አልከራከርዎትም፣ ከእነሱ የበለጠ የተጠቀመ አላየሁም፤ ሥልጠና ቢያዘጋጁላቸውም አበል ሳይጠይቁ በጅምላ እንደሚገኙ ከወዲሁ ማረጋገጥ እችላለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ዘገባዬ «ሚዛናዊነት የጎደለው፣ የመሣሪያውን ወገን ያላዳመጠ» ነው ብለውኛል። ክቡር ሆይ፣ የመሣሪያውን ወገን ከጧት እስከ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ አዳምጫለሁ። የጠየቅሁትን ሁሉ «ሃይ!» ብሎ ነው የመለሰልኝ፤ እንዳለም አቅርቤዋለሁ።

፪ኛ፦ ስለ ጨዋነት። የማማን ወግ ለእርስዎ ላስረዳ ብል ድፍረት ይሆንብኛል፤ ለሌላው አንባቢ ስል ግን ልናገረው። አንዱ ከማማው ላይ መንጋውን ሲያስነሣ ወፉ ሄዶ የሚያርፈው ጎረቤት ማሳ ላይ ነውና «ሃይ፣ መጣልህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ጎረቤትየውም «ሃይ!» ብሎ ይመልስና ለሚቀጥለው ያሳልፋል። ሰምቶ ዝም ማለት ሰላምታ ነሥቶ እንደማለፍ ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው «ጎረቤቱን ለወፍ የሰጠ» ተብሎ ስሙ ይነሣል፣ ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ እንኳ ይወራበታል። የእርስዎ ሳጥን ደግሞ ወፍ ኖረም አልኖረም በየደቂቃው ይጮሃል።

አያ ሙህሲን የሚባሉ፣ በዕድሜም በትሕትናም የገፉ ገበሬ አሉ፤ ማሳቸው ሳጥኑ ከቆመበት ቀጥሎ ነው። ሳጥኑ «ሃይ!» ባለ ቁጥር እሳቸውም «ሃይ!» እያሉ ሲመልሱ ዋሉ። እሳቸው ሲመልሱ ቀጣዩ መለሰ፣ ቀጣዩ ሲመልስ የዚያ ማዶው መለሰ፣ በዚህ ዓይነት ቆላው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ሲጯጯህ ዋለ፤ ሰማዩ ላይ ለምልክት የሚሆን አንድ ወፍ እንኳ አልነበረም። በዋናው መንገድ የሚያልፍ ሚኒባስ ምን ደረሰባችሁ ብሎ ቆሞ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገበሬው ሁሉ ድምፁ ተዘግቶ በእጁ ሲነጋገር ጤነኛ ሆኖ የተገኘው የእርስዎ ሳጥን ብቻ ነው። አያ ሙህሲን በሹክሹክታ «ይህ ሰውዬ ምነው ውሃ እንኳ አይጠጣም?» ብለው ጠየቁኝ። ሳጥን እንጂ ሰው አለመሆኑን ብነግራቸው «ቢሆንስ? ጥሪ ሰምቶ ዝም ማለት ነውር አይደለም እንዴ?» አሉኝ። በመሣሪያው ካርቶን ላይ «የሰውን ድካም ይቀንሳል» ተብሎ ተጽፏል፤ እውነት ነው፣ በማግስቱ መጮህ የቻለ ስላልነበረ ሁሉም ሰው ዐርፎ ዋለ።

፫ኛ፦ ስለ እንዳለው ድምፅ። ባለሙያዎችዎ ሳጥኖቹን «ከአካባቢው ጋር ለማላመድ» ሲሉ በሮቢት ዙሪያ ጉሮሮው የታወቀ ማን ነው ብለው ጠይቀው እንዳለው የሚባለውን ገበሬ አግኝተው ነበር። ጩኸቱን በስልክ ቀዱት፣ ለአገር የሚጠቅም ነው ብለው ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገውት ሄዱ፤ ድምፁን በየሰው ማሳ እንደሚዘሩት ግን አልነገሩትም። አንድ የገበያ ቀን እንዳለው ቆቦ ሄዶ ሳለ ሚስቱ ቆንጅት የባሏን ድምፅ ሰማች፤ የሰማችውም ከራሳቸው ማሳ ሳይሆን ከእቴ ፈሪሀ ማሳ ነው። እቴ ፈሪሀ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያችው ማሽላ የምታሳድግ ጨዋ ሴት ናት። ቆንጅትም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጆሮ ያላት ሚስት ናት እንጂ።

ከሰዓት በኋላ እንዳለው ስኳር አንጠልጥሎ ከገበያ ሲገባ የት እንደዋለ ጠየቀችው። ቆቦ አለ። ቆቦ? «በማርያም፣ ቆቦ ነው የዋልኩት!» ብሎ ሲምል፣ መሐላው ከአፉ ሳይወጣ የገዛ ድምፁ ከእቴ ፈሪሀ ማሳ «ሃይ! መጣልህ!» ብሎ አንባረቀ። ቆንጅት ባሏን አየችው፣ ማሳውን አየች፣ ባሏን ደግማ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ ጸበል ልታመጣ ሮጠች። እንዳለው ራሱ ግራ ገብቶት «ራዊያ፣ እባክሽ ንገሪኝ፣ እውነት እኔ ቆቦ ነበርኩ?» ብሎ ይዞኝ ቁጭ አለ። ሽማግሌ ተሰበሰበ። እኔም ሳጥኑን ከማሳው ነቅዬ በመካከላቸው አስቀመጥኩት፤ ጮኸ፤ አያ ሙህሲን ደንገጥ ብለው «ሃይ!» ሲሉ መለሱለት፤ ከዚያ በኋላ ሽምግልና የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሽማግሌው ሁሉ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ቆንጅትም እንባዋ እስኪወርድ ስቃ ታረቀች። ይሁን እንጂ የባሏ ድምፅ ካለበት ማሳ ሁሉ ተሰብስቦ እንዲመለስላት በእኔ በኩል ትጠይቅዎታለች፤ ሰው ድምፁን ይዞ ቤቱ ይግባ ትላለች።

፬ኛ፦ ይህን ስጽፍ ሳቄ ይቆማልና ይቅር ይበሉኝ። እቴ ፈሪሀ ትእዛዝ አክባሪ ናት፤ መመሪያዎ በደረሳት ሳምንት ሟቹ ባሏ የሠራውን ማማ አፍርሳ እንጨቱን ማገዶ አደረገችው። በአካባቢው ከሁሉ ቀድማ የታዘዘች እሷ ናት፤ ወፉም ከሁሉ ቀድሞ የወረደው እሷ ማሳ ላይ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ማሽላዋ ራስ ራሱ ተበልቶ አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ። ስደርስ ሳጥኑ በዚያ በባዶ አገዳ መካከል ቆሞ በእንዳለው ድምፅ ይጮሃል፣ እሷ ደግሞ ከአጠገቡ ተቀምጣ የረገፈውን ፍሬ ከአፈር ትለቅማለች። አልጮኸችም፣ ማንንም አልረገመችም። «እኔ እኮ ትእዛዝ ነው ብዬ ነው፣ ራዊያ» ብቻ አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት እየለቀምኩ አለቀስኩ። ቅዳሜ በአየር ላይ ድምፄ የተንቀጠቀጠው ለዚያ ነው እንጂ ደብዳቤዎ እንደሚለው «ሕዝብን ለማነሣሣት» ብዬ አልነበረም።

የተነሣሣ ሰው ካለ ግን የፈሪሀ ጎረቤቶች ናቸው። ዝግጅቱን በሰሙ ማግስት በደቦ እንጨት ተሸክመው፣ ልጥ ይዘው መጡና ጠዋት ጀምረው ለምሳ ሳይደርስ ማማዋን መልሰው አቆሙላት። እንዳለው በአካል ተገኝቷል፤ ቆንጅት ራሷ ከፊት እየመራች ነው ያመጣችው፣ ለእቴ ፈሪሀም የምሳ ስንቅ ይዛላት ነበር። ከዚያ ባለሙያዎ በመኪና ደርሰው ማማውን አንጋጠው አዩና መመሪያ ስለጣሰች መሣሪያው እንደሚነጠቅ አስጠነቀቋት። እቴ ፈሪሀ ለካ ሳጥኑን ቀድማ ጠርጋ፣ ጆንያ ውስጥ ከታ፣ አፉን በገመድ ጠርቅማ አስራ አስቀምጣላቸው ኖሯል። እንዳይከብዳቸው ብላ እስከ መኪናው ድረስ ተሸክማ አደረሰችላቸው። ባለሙያዎ ይህን በሪፖርታቸው «አርሶ አደሯ ሙሉ ትብብር አሳይታለች» ብለው እንደሚጽፉት አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ይቅርታው ልመለስ። የላኩልኝን ጽሑፍ ለማንበብ በእውነት ሞክሬያለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «አስተማማኝ መሆኑን ስላረጋገጥኩ» የሚለው ላይ ስደርስ እናቴ ከጓዳ ሆና «ይህን ውሸት ማን ነው የጻፈልሽ?» አለች። አንድ ትልቅ ሰው ቢሮው ተቀምጦ ነው አልኳት። «እንዲያ ከሆነ እሱ ራሱ አያነበውም?» አለችኝ። የጣቢያችን ኃላፊም ማኅተምዎን ካዩ ወዲህ ወንበራቸው ላይ መቀመጥ ትተው ጠረጴዛው ሥር ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም፤ «አንቺ ብቻ አንብቢው፣ ማን ልብ ይለዋል» ይሉኛል። ነገሩ እንዲያ ቢሆን እኔም አነበው ነበር። ችግሩ ሰው ልብ ብሎ የሚሰማኝ መሆኑ ነው። በእኔ ቃል ስልክ የገዛ ሰው እኔ ብሳሳት የሚያጣው ስልኩን ነው፤ በዚህ ቃል ማማውን ያፈረሰ ግን የዓመት ጉርሱን ያጣል።

ስለዚህ አላነበውም። ዝግጅቴን እወደዋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ያ ቀይ መብራት ሲበራ ልቤ አሁንም እንደ መጀመሪያው ቀን ይመታል፣ ቢዘጋብኝ ያመኛል፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራም የለኝም። ቢሆንም አላነበውም፤ በዚህ ቅዳሜም፣ በሚመጣውም።

ሁለተኛውን ትእዛዝ ግን በደስታ እቀበላለሁ። መሣሪያውን በአዳራሽዎ ውስጥ ለመፈተሽ በተባለው ሰዓት እገኛለሁ፤ የማስቸግርዎ ግሪሳውን በማኅተም በተረጋገጠ ደብዳቤ ወደ አዳራሹ እንዲጠሩልኝ ብቻ ነው። ስብሰባ አይወዱ እንደሆነ ግን እርስዎ ወደ እኛ ብቅ ይበሉ። ቅዳሜ በዝግጅቴ ሰዓት ማይክ ስለማይኖረኝ እቴ ፈሪሀ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ እገኛለሁ። ዕቃ ሊገዛ አስቦ የተቸገረ ሰው እዚያው መጥቶ ከታች ሆኖ ይጠይቀኛል፣ እኔም ከላይ ሆኜ እመልሳለሁ፤ አንድ ባጃጅ ነጂ ባትሪውን፣ አንዲት ሙሽራ ጥሎሽ የመጣላትን ስልክ ይዘው እንደሚመጡ ከወዲሁ ነግረውኛል። ለእርስዎም ወፍ ካተረፈልን ላይ የማሽላ እሸት ይጠበስልዎታል። ወደ ማማው የሚያወጣው መሰላል ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ ከወንበር የበለጠ አይጥልም።

እስከዚያው ድረስ ትዕግሥትዎ እንደ መመሪያዎ የረዘመ፣ ቢሮዎም እንደ አዳራሽዎ ወፍ የማይገባበት እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ማዕረግ የለኝም ብዬ ስጨነቅ በደብዳቤዎ «የቴክኖሎጂ ጠላት» የሚል ማዕረግ ስለሰጡኝ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እስከ ወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ።

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ራዊያ አብዱሰመድ
ለጊዜው ማይክ የሌላት የዕቃ ጋዜጠኛ

ግልባጭ፦
ለጣቢያችን ኃላፊ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሲወጡ እንዲያነቡት
ለወይዘሮ ቆንጅት፣ የባለቤታቸው ድምፅ እስኪመለስ በትዕግሥት እንዲጠብቁ
ለግሪሳ ወፎች ተወካይ፣ ባሉበት የፀሐይ ሰሌዳ ላይ

ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ዝግጅቱ ከመታገዱ በፊት ሳጥኑ በሌላ ቦታ ይሻለው እንደሆነ ብዬ ወደ ዋጃ ሄጄ ነበር። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ጠንካራ ማማ፣ ማማው ላይ ወንጭፋቸውን የሚያሽከረክሩ አንድ ሽማግሌ፣ ከሥራቸውም አንድ ራስ ያልጎደለው ማሽላ አየሁና ቆሜ ሰላም አልኳቸው። አያ ብርሃኑ ናቸው፣ ወላጅ አባትዎ። ሰላምታ አድርሺልኝ ብለውኛልና ይኸው አድርሻለሁ። «ሳጥኑ ለእርስዎ አልደረሰዎትም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው ደረታቸውን ነፍተው «ልጄማ ይወደኛል፤ ‹አባዬ፣ አንተ ብቻ ማማህን እንዳትነካ› ብሎ ደውሎ አስጠንቅቆኛል» አሉኝ። እቴ ፈሪሀም ስልክ አላት፣ ክቡር ሆይ።